ዓይነ ስውራን ያነሡት ፎቶግራፍ እንደ ታሪክ ምንጭ፦ ከፎገራ ሜዳ የተነሣ ጥያቄ



የኢትዮጵያን የፎቶግራፍ ታሪክ የሚያጠና ሰው አብዛኛውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተውን የእንግሊዝ ጦር ያነሣል፤ ጦሩ ከመድፉ ጋር ካሜራም ይዞ ነበርና። ቀጥሎ በምኒልክ ዘመን ቤተ መንግሥት የገባው አርመናዊው ቦያጂያንና ልጆቹ ይጠቀሳሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዓይነ ስውራን አይጠፉም፤ በደጀ ሰላም ተቀምጠው ወይም በሕክምና ጣቢያ ተሰልፈው እናገኛቸዋለን። ሆኖም ተነሺዎች እንጂ አንሺዎች አይደሉም። አንሺ ሆነው ሲመጡ ፎቶግራፋቸውን የታሪክ ባለሙያ እንዴት ያነበዋል? የዛሬው ንግግሬ በዚህ ላይ ነው።

ጥያቄው ለአካባቢያችን ሩቅ አይደለም። ከወንዛዬ እስከ ወረታና እስከ ጣና ዳር «የዓይን ፀጉር» ሲባል ማብራሪያ የሚሻ ሽማግሌ የለም። ትራኮማ ደጋግሞ የያዘው ቆብ ጠባሳ ያበጅና ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱ ዓይኑን ይፍቀዋል፤ ሕመምተኛውም በወረንጦ ይነቅለዋል፤ ፀጉሩ ግን መልሶ ይበቅላል። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። በክልሉ በተደረጉ የትራኮማ ምርምሮች የሕፃናት ቆብ እየተገለበጠ ፎቶ ተነሥቷል፤ ከዚያም ሌላ ባለሙያ ፎቶውን አይቶ የበሽታውን ደረጃ ይወስናል። ለሕክምናው የሰጠው ጥቅም አይካድም። ከመቶ ዓመት በኋላ ያንን ፎቶ የሚያገኝ ተመራማሪ ግን ቀይ ሥጋና የመለያ ቁጥር እንጂ ሰው አያገኝም።

ካሜራው ወደ ሌላው እጅ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ለማየት ከአገር ውጭ ሁለት ሰዎችን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለደው ስሎቬኒያዊው ኢቭገን ባውቻር 12 ዓመት ሳይሞላው በሁለት አደጋዎች የሁለቱንም ዓይኖቹን ብርሃን አጣ። በ16 ዓመቱ በእኅቱ ካሜራ የወደዳትን ልጅ አነሣ። በኋላ ፓሪስ ገብቶ ፍልስፍና አጠና። ብዙ ጊዜ የሚሠራው በጨለማ ነው፤ ርቀትን በእጁና በድምፅ ይለካል፤ እንዲታይ የፈለገውን ብቻ በእጅ ባትሪ ያበራል፤ አንዳንዴም እጁ ራሱ በፎቶው ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ሥራ «ተአምር» ማለት የተለመደ ነው፤ እኔ ቃሉን አልወደውም። ተአምር ምርመራ አይሻም፤ የባውቻር ሥራ ግን ውሳኔ በውሳኔ ሊመረመር ይችላል።

ሁለተኛው የሜክሲኮው ጄራርዶ ኒጌንዳ ነው። ኒጌንዳ በታተመው ፎቶ ላይ የሰማውን፣ የዳሰሰውንና የተሰማውን በብሬል ይወጋበት ነበር። የሚያይ ሰው ብሬሉን አያነብም፤ ብሬል የሚያነብ ዓይነ ስውር ምስሉን አያይም። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ካልተቀመጡ ፎቶው ተነቦ አያልቅም።

እዚህ ላይ የሚቀርበውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ምስሉን የሚገልጽለት የሚያይ ረዳት ካለ ሥራው የማን ነው? እኛ የታሪክ ሰዎች ይህን ጥያቄ ከመለስነው ቆይቷል። የነገሥታቱን ደብዳቤ በብዕር የጻፈው ጸሐፊ ነው፤ ይሁንና «የቴዎድሮስ ደብዳቤ» እንላለን እንጂ ለጸሐፊው አንሰጠውም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትም እንዲሁ። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ እዚሁ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ናቸው። በቃል የሚያዘው የአብነት ትምህርት ዓይነ ስውራን መምህራንን ሲያፈራ ኖሯል፤ ሰው አንብቦለት ስለ ተማረ ሊቅነቱ የአንባቢው ነው የተባለ መሪጌታ ግን አልሰማሁም። ለቃል የፈቀድነውን ለምስል የምንከለክልበት ምክንያት አይታየኝም።

የሚለወጠው አነባበባችን ነው። የሚያይ ሰው ያነሣውን ፎቶ ስንመረምር ምን አየ ብለን እንጀምራለን። እዚህ ግን የማን ድምፅ አዞረው፣ እጁ እስከ የት ደረሰ፣ ምስሉን እንዲነግረው ማንን አመነ ብለን እንጠይቃለን።

በመጪው ክረምት ለመስክ ሥራ ወደ ፎገራ የምትወጡ ተማሪዎች በትራኮማ ብርሃናቸውን ያጡ አረጋውያንን ስታነጋግሩ፣ ከድምፅ መቅጃው ጋር ካሜራም ስጧቸው። ርብ ሲሞላ የውኃውን ድምፅ ተከትሎ የተነሣ ፎቶ አድማሱ ያዘነበለ ሊሆን ይችላል፤ አታቃኑት። ወደ መዝገብ ስታስገቡትም ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ የአንሺውን ስም፣ የቆሙበትን ቦታና ስለ ፎቶው በራሳቸው አንደበት የተናገሩትን ቅጂ አያይዙ።