የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፦ ከዲግሪ በፊት አንድ ዓመት በሕዝብ ሥራ ላይ

ተማሪ የመንግሥትን ሥራ ከመመረቁ በፊት በተግባር እንዲያየው ማድረግ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.አ.አ. በ1964 የተጀመረው 'የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት' ተማሪዎች ዲግሪ ከመቀበላቸው በፊት አንድ የትምህርት ዓመት እንዲያገለግሉ ያስገድድ ነበር።

ለምን አስፈለገ?

በወቅቱ በየክፍለ አገሩ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ የሚያስተምር ሰው አልነበረም። እጥረቱን ለማቃለል እ.አ.አ. ከ1962 ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ጭምር ይመጡ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የራሱን ተማሪዎች መላኩ ክፍተቱን ከመሙላቱ ባሻገር ወጣቱን ከአገሩ ሕዝብ ጋር ያስተዋውቀዋል ተብሎ ታሰበ።

እንዴት ይሠራ ነበር?

ተማሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛ ዓመታቸውን ሲያጠናቅቁ ይመደባሉ። መጠነኛ አበል ይከፈላቸዋል፤ ዓመቱ ሲያልቅም ወደ ትምህርታቸው ይመለሳሉ። የሚበዙት መምህራን ሆነው ሠርተዋል። የሕግ ተማሪዎችን የመሳሰሉት ደግሞ በፍርድ ቤቶችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግለዋል። የማስተማር ሥልጠና ሳይኖራቸው ክፍል የገቡ መኖራቸው ግን የመርሃ ግብሩ ድክመት ነበር።

ምን አስከተለ?

መንግሥት የፈለገው መምህራንን ነበር፤ ያገኘው ግን ጠያቂ ትውልድንም ጭምር ነው። 'መሬት ለአራሹ' የሚለው ጥያቄ እ.አ.አ. በ1965 አደባባይ ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ከአገልግሎት የሚመለሱ ተማሪዎች ስለ ጭሰኛው ኑሮ በዓይናቸው ያዩትን ይዘው ወደ ግቢው ይገቡ ነበር። የክፍለ አገር ተማሪዎችም በእነዚህ ወጣት መምህራን በኩል ከዩኒቨርሲቲው የፖለቲካ ክርክር ጋር ተዋወቁ።

ከዚያስ?

ከአብዮቱ በኋላ ደርግ እ.አ.አ. በ1974 መጨረሻ 'የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ'ን አወጀ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ይህ ግን ዩኒቨርሲቲው የሚመራው የልምምድ ዓመት ሳይሆን መንግሥት ያዘዘው ዘመቻ ነበር።

በሌሎች አገሮችስ?

ኬንያ ብሔራዊ የወጣቶች አገልግሎቷን የመሠረተችው በዚያው በ1964 ነው። ናይጄሪያ ከእርስ በርስ ጦርነቷ በኋላ፣ በ1973፣ ተመራቂዎች ከትውልድ ግዛታቸው ውጭ ለአንድ ዓመት የሚያገለግሉበትን ሥርዓት ዘረጋች፤ ዛሬም ቀጥሏል።

የኢትዮጵያው ተሞክሮ የሚያስተምረው ግልጽ ነው። የሕዝብ አገልግሎትን ከውስጥ ያየ ተማሪ ሙያውን አውቆ ይመርጣል፤ ያየውን ጉድለትም ዝም ብሎ አያልፍም። ወጣቶቹን የሚልክ መንግሥት ሲመለሱ የሚነግሩትን ለመስማት መዘጋጀት ይኖርበታል።