አዳኝ
«ኮስት ጋርድ» ሲባል ድሮ የሚታየኝ መትረየስ የተጠመደበት ጀልባ ነበር። የአሜሪካው ግን ሲጀመር ቀረጥ አስከባሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1790 የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሃሚልተን ባቀረበው ሐሳብ፣ ኮንግረሱ ኮንትሮባንድ የሚቆጣጠሩ 10 ትንንሽ መርከቦች ፈቀደ። ከባሕር ዳር ተነስቶ የሚሰጥም ሰው የሚያወጣ ሌላ መሥሪያ ቤት ኋላ ላይ ተቋቋመ። በ1915 ሁለቱ ተዋሃዱ፤ ኮስት ጋርድ የሚለው ስምም ያኔ መጣ።

ከዚያ ወዲህ አንዱ መርከበኛ ሁለት ትእዛዝ አለው፦ አታሳልፍ፣ ደግሞም አድን። የጣሊያኑም እንደዚያው ነው። በ2013 ላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ አንድ ጀልባ ሰጥሞ ከ360 በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ያንን መንገድ የእኛም ልጆች ያውቁታል።

በአማርኛ «አዳኝ» ከማደንም ከማዳንም ይመጣል፤ አጻጻፉ አንድ ነው። ባሕር ላይ ላለ ስደተኛ ግን ልዩነቱ ሕይወቱ ነው።