የማሠልጠኛ አውሮፕላን ኤሌክትሪክ፦ ከማግኔቶ እስከ ባትሪ

በአውሮፕላን ላይ ኤሌክትሪክ መጀመሪያ የተፈለገው ለአንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ በሲሊንደር ውስጥ የታመቀውን የቤንዚንና የአየር ድብልቅ የሚለኩስ ብልጭታ ለማስገኘት። የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1903 በሰሜን ካሮላይና ባበረሩት አውሮፕላን ላይ ሞተሩ በምድር የሚነሣው በደረቅ ባትሪ ነበር። ከተነሣ በኋላ ግን ባትሪው ተነጥሎ ሜዳው ላይ ይቀራል። በአየር ላይ ብልጭታውን የሚያመነጨው ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር ማግኔቶ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማግኔቶ ባትሪ የማይፈልግ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው። ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ጥቅል አንዱ በሌላው አጠገብ ሲሽከረከሩ ኮረንቲ ይፈጠራል። የኮረንቲው መንገድ በትክክለኛው ቅጽበት ሲቋረጥ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይነሣና በካንዴላው ጫፍ ላይ ብልጭታ ሆኖ ይዘላል። በ1902 የቦሽ ኩባንያ መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ ይህን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጥ ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አጣምሮ ከሠራ በኋላ መሣሪያው በመኪናም በአውሮፕላንም ላይ ተስፋፋ። ቀስ በቀስም እያንዳንዱ የአውሮፕላን ሞተር ሁለት ማግኔቶ፣ እያንዳንዱ ሲሊንደርም ሁለት ካንዴላ እንዲኖረው ማድረግ የተለመደ ሆነ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሞተሩን ያቆየዋል። ማግኔቶን ለማጥፋት ኃይል አይቋረጥበትም፤ ብልጭታው እንዲመክን ሽቦው ከሞተሩ አካል ጋር ይገናኛል እንጂ። ይህ የማጥፊያ ሽቦ ከተበጠሰ ቁልፉ ቢዘጋም ሞተሩ ሊነሣ ይችላል። አብራሪዎች የቆመ ፕሮፔለርን ሁልጊዜ እንደሚዞር ቆጥረው እንዲጠነቀቁ የሚማሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የማሠልጠኛ አውሮፕላን ከማግኔቶ ሌላ ኤሌክትሪክ አልነበረውም። በ1931 በእንግሊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ታይገር ሞዝ ባትሪም ሞተሪኖም ሳይኖረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እጅግ ብዙ አብራሪዎችን አሠለጠነ። ሞተሩ የሚነሣው አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ፕሮፔለሩን በእጁ ሲገፋው ነበር። አሠልጣኙ ከሠልጣኙ ጋር የሚነጋገረውም ከአንዱ መቀመጫ ወደ ሌላው በተዘረጋ የድምፅ ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ በ1917 ሮበርት ስሚዝ ባሪ በመሩት የጎስፖርት የበረራ ትምህርት ቤት ስለተጀመረ በቦታው ስም ተጠርቷል። በአሜሪካም ከጦርነቱ በፊት በመንግሥት ፕሮግራም የሠለጠኑት ሲቪል አብራሪዎች አብዛኞቹ የተማሩበት ፓይፐር ካብ እንዲሁ በእጅ የሚነሣ ነበር።

ሁኔታውን የለወጡት ሬዲዮና መብራት ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሬዲዮ ኃይል የሚመነጨው ከአውሮፕላኑ ውጭ በተሰቀለ፣ ነፋስ በሚያዞረው ትንሽ ጄኔሬተር ነበር። ይህ ዘዴ ሁለት ጉድለቶች አሉበት፤ በምድር ላይ ኃይል አይሰጥም፣ በአየር ላይም አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትታል። መፍትሔው ጄኔሬተሩን ከሞተሩ ጋር ማያያዝና የተረፈውን ኃይል በባትሪ ማጠራቀም ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለከፍተኛ ሥልጠና ያገለገሉት እንደ ኖርዝ አሜሪካን ቲ-6 ያሉ አውሮፕላኖች ጄኔሬተር፣ ባትሪ፣ ሬዲዮና የሌሊት መብራት ነበራቸው።

ከጦርነቱ በኋላ ይህ አሠራር ወደ ሲቪል ማሠልጠኛዎች ወረደ። ሴስና 172 በ1956፣ ሁለት መቀመጫ ያለው ሴስና 150 ደግሞ በ1958 ለገበያ ቀረቡ። ሠልጣኙ ፕሮፔለር በእጁ ማዞሩ ቀርቶ መቀመጫው ላይ ሆኖ ሞተሩን በሞተሪኖ ማስነሣት ቻለ። በ1965ቱ የሴስና 172 ሞዴል ቀድሞ በእጅ ማንሻ ይንቀሳቀስ የነበረው የክንፍ ፍላፕም በኤሌክትሪክ ሞተር መሥራት ጀመረ።

የዚያን ዘመን ማመንጫ፣ ጋራዥ ውስጥ ዲናሞ የሚባለው፣ የቀጥተኛ ኮረንቲ ጄኔሬተር ነበር። የሚያመነጨው ኮረንቲ በሙሉ በሚሽከረከረው ክፍሉ ላይ በሚፋተጉ የካርቦን ብሩሾች በኩል ስለሚወጣ ብሩሾቹ ቶሎ ያልቃሉ። ከዚህ የባሰው ችግር ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚሰጠው ኃይል ማነሱ ነው። በሌሊት መብራት አብርቶ ወደ ማኮብኮቢያው የሚያዘግም አውሮፕላን ከሚያመነጨው በላይ ይበላና ባትሪውን ያደክማል።

አልተርኔተር ይህን ችግር ፈታ። በዚህ ማመንጫ ዋናው ኮረንቲ የሚወጣው ከማይንቀሳቀሰው ክፍል ነው። ብሩሾቹ የሚያሳልፉት ማግኔታዊ መስኩን የሚፈጥረውን ጥቂት ኮረንቲ ብቻ ነው። አልተርኔተር የሚያመነጨው አቅጣጫው የሚቀያየር ኮረንቲ በመሆኑ ባትሪ ለመሙላት ወደ ቀጥተኛ መለወጥ አለበት፤ ይህን በትንሽ ቦታ መሥራት የተቻለው የሲሊከን ዳዮድ ሲረክስ ነው። የክራይስለር ኩባንያ በ1960 ሞዴሉ ቫሊያንት መኪና ላይ አልተርኔተር ገጠመ። ትናንሽ አውሮፕላኖችም በዚያው አሥርት ዓመት ተከተሉ።

አልተርኔተር ግን ጄኔሬተር ያልነበረበት አንድ ጥገኝነት አመጣ። የጄኔሬተር ብረት ካለፈው ሥራ የቀረ ጥቂት ማግኔትነት ስለሚይዝ በራሱ ማመንጨት ይጀምራል። አልተርኔተር መስኩን የሚቀሰቅስለት ኮረንቲ ከባትሪ ያስፈልገዋል። ባትሪውን ከተቀረው መስመር ጋር የሚያገናኘው ትልቅ ማብሪያም የሚዘጋው በባትሪው በራሱ ኃይል ነው። ስለዚህ ባትሪው ፈጽሞ የሞተበት ሴስና በእጅ ቢነሣም ላያመነጭ ይችላል። የዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ለባትሪ፣ ሌላው ለአልተርኔተር የሆነውም በአልተርኔተር ዘመን ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ የሴስና ማሠልጠኛዎች ከ14 ቮልት ወደ 28 ቮልት ተሸጋገሩ። ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው፤ ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ለዚያው ኃይል የሚያስፈልገው ኮረንቲ ግማሽ ይሆናል፣ ሽቦውም ይቀጥናል፣ ክብደትም ይቀንሳል። በኋለኞቹ ሴስና 172 አውሮፕላኖች አልተርኔተሩ እስከ 60 አምፔር፣ ማለትም ወደ 1,680 ዋት ገደማ ይሰጣል። ባትሪው 24 ቮልት ሆኖ ማመንጫው 28 የሆነው፣ ኮረንቲ ወደ ባትሪው ገብቶ እንዲሞላው ከፍ ያለ ግፊት ስለሚያስፈልግ ነው። ሬጉሌተሩ የመስኩን ኮረንቲ እየጨመረና እየቀነሰ ቮልቴጁን ይጠብቃል፤ ከልክ ካለፈም አልተርኔተሩን ያቋርጣል። ኃይሉ ባስ ባር ወደሚባል ማከፋፈያ ይገባል። ከዚያም እያንዳንዱ መሣሪያ በየራሱ ብሬከር በኩል ድርሻውን ይወስዳል፤ አንድ ሽቦ ሲነካካ የሚቋረጠው የዚያ መስመር ኃይል ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሲጨመር ዲዛይነሮቹ አንድ ወሰን ጠብቀው ኖረዋል። ብልጭታው የማግኔቶው ስለሆነ ኤሌክትሪኩ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ ሞተሩ አይቆምም። በመሣሪያ ሰሌዳውም ላይ ይኸው ጥንቃቄ ይታያል። የአውሮፕላኑን አቋምና አቅጣጫ የሚያሳዩት ጋይሮዎች በአየር መሳቢያ ፖምፓ፣ የመታጠፍ ጠቋሚው ደግሞ በኤሌክትሪክ እንዲሠሩ ተደረገ። አንዱ የኃይል ምንጭ ቢጠፋ በደመና ውስጥ ያለ አብራሪ ባዶ እጁን አይቀርም። አልተርኔተሩ ከተበላሸ ሠልጣኙ የሚማረው የማያስፈልገውን አጥፍቶ የባትሪውን ዕድሜ ማራዘምና በቅርብ ማረፍ ነው።

ከ2000 ወዲህ ወሰኑ መጥበብ ጀመረ። ጋርሚን ጂ1000 የተባለው የስክሪን ሰሌዳ በሴስና 172 ላይ ሲገባ ፍጥነት፣ ከፍታና አቋም ሁሉ በኤሌክትሪክ የሚታዩ ሆኑ፤ ስለዚህ ሁለተኛ መጠባበቂያ ባትሪ ተጨመረ። በዳይመንድ ኩባንያ ናፍጣ ሞተር አውሮፕላኖች ደግሞ ሞተሩን ራሱን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሩ ያለ ኮረንቲ አይሠራም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ሴስና 172ንም ዳይመንድ ዲኤ40ንም ስለተጠቀመ፣ በአዲስ አበባ የሠለጠኑ አብራሪዎችም ሁለቱን የኃይል ሥርዓቶች ያውቋቸዋል።

የአዲሱ ጥገኝነት ዋጋ በማርች 2007 በጀርመን ሽፓየር ከተማ ታየ። ባለሁለት ሞተር የሆነው ዳይመንድ ዲኤ42 ባትሪው ደክሞ ስለነበር በውጭ ኃይል ርዳታ ተነሣ። ከመሬት ለቆ ጎማዎቹ መታጠፍ ሲጀምሩ የማጠፊያው ፖምፓ የሳበው ኃይል ቮልቴጁን ለአፍታ አወረደው። የሞተሮቹ ኮምፒውተሮች ኃይል አጡ፤ ሁለቱም ሞተሮች ቆሙ፤ አውሮፕላኑም በግዳጅ አረፈ። ሁለት ሞተር የተገጠመው አንዱ ቢቆም ሌላው እንዲያደርስ ነበር። የሁለቱም ሕይወት በአንድ ባትሪ ላይ ሲንጠለጠል ግን ሁለት መሆናቸው አልጠቀመም። ከዚያ በኋላ ለሞተር ኮምፒውተሮች የተለየ መጠባበቂያ ባትሪ ተገጠመ። በዲኤ40 የናፍጣ ሞዴልም ይህ ባትሪ ዋናው ኃይል ከጠፋ ሞተሩን ለ30 ደቂቃ ያህል ያቆየዋል።

በጁን 2020 የአውሮፓ የአቪዬሽን ደኅንነት ባለሥልጣን ለስሎቬኒያው ፒፒስትሬል ቬሊስ ኤሌክትሮ ፈቃድ ሰጠ። ይህ ባለሁለት መቀመጫ ማሠልጠኛ በዓለም ሙሉ የዓይነት ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው በኤሌክትሪክ ብቻ የሚበር አውሮፕላን ነው። ሞተሩ 57.6 ኪሎ ዋት ኃይል አለው። ከመጠባበቂያው ውጭ እስከ 50 ደቂቃ ይበራል። ማግኔቶም ካንዴላም የለውም። ራይቶች ሜዳ ላይ ጥለውት የተነሡት ባትሪ በዚህ አውሮፕላን ሞተሩን የሚያዞር ብቸኛ የኃይል ምንጭ ሆኗል።