ገጽን ለፍለጋ ማመቻቸት

የድረ ገጽ ባለቤት ርዕሱን፣ ንዑስ ርዕሶቹን፣ ጽሑፉን፣ የገጹን አድራሻና የፎቶ መግለጫዎቹን ጉግልን የመሰሉ መፈለጊያዎች በቀላሉ እንዲረዷቸው አድርጎ የሚያሰናዳበት ሥራ ነው። ከሌሎች ድረ ገጾች የሚመጡ ማያያዣዎችን አይጨምርም።

ለጋምቤላ ነጋዴ አንዱ ፈተና የፊደል አጻጻፍ ነው። በባሮ ወንዝ ዳር ምግብ ቤት ያለው ሰው «ዓሣ» ብሎ ይጽፋል፤ ፈላጊው ግን «አሳ» ወይም «ዓሳ» ብሎ ሊፈልግ ይችላል። የከተማዋም ስም በላቲን ፊደል አንዴ በአንድ፣ አንዴ በሁለት «ኤል» ይጻፋል። ስለዚህ በርዕሱ የተለመደውን አጻጻፍ መያዝ፣ ሌላውን ደግሞ በጽሑፉ ውስጥ በተፈጥሯዊ መንገድ ማስገባት ይበጃል። ቃላትን ያለልክ መደጋገም ግን ይጎዳል፤ ጉግል እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል። በገጹ ኮድ ውስጥ የሚደበቀውን የቁልፍ ቃላት ዝርዝርም ለፍለጋ ውጤት ደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 አስታውቋል።

«እንኳን ደህና መጡ» የሚል የገጽ ርዕስ ለፈላጊ ምንም አይነግርም። «የእንግዳ ማረፊያ በጋምቤላ ከተማ፣ ባሮ ወንዝ አጠገብ» የሚለው ግን ሥራውንም ቦታውንም ያሳውቃል።

ፎቶም እንዲሁ ነው። በጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ የተነሣ የነጭ ጆሮ ቆርኬ መንጋ ምስል የካሜራ ቁጥር ብቻ ይዞ ከተጫነ ለመፈለጊያው ትርጉሙ ይደበዝዛል፤ አጭር የጽሑፍ መግለጫ ለመፈለጊያውም ለዓይነ ስውራን አንባቢዎችም ይጠቅማል። ከባድ ፎቶን መጭመቅ ደግሞ ደካማ ኔትወርክ ባለበት ገጹ በስልክ ቶሎ እንዲከፈት ያደርጋል።