ሰንሰለቱን የፈታው ማን ነው?

ፓሪስ በሚገኘው የሳልፔትሪየር ሆስፒታል አንድ ግዙፍ ሥዕል አለ። ቶኒ ሮቤር-ፍለሪ የተባለ ሠዓሊ በ1876 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) የሣለው ነው። የአእምሮ ሕሙማን ሴቶች በግቢው ተበታትነዋል፤ አንዳንዶቹ መሬት ላይ ወድቀዋል፣ አንዳንዶቹ በብረት ታስረው ተኮራምተዋል። መሐል ላይ አንዲት ወጣት ፈዝዛ ቆማለች፤ ከሰውነቷ ላይ ብረቱን እየፈቱላት ነው። ዶክተር ፊሊፕ ፒኔል ረጋ ብሎ ያያታል፤ ሌላ ሴት ደግሞ ጎንበስ ብላ እጁን ትስማለች።

ለብዙ ዘመን የሕክምና ተማሪ ሁሉ የተማረው ታሪክ ይኸው ነው። በፈረንሳይ አብዮት ወቅት ፒኔል የሚባል ሐኪም መጣ፣ የሕሙማኑን ሰንሰለት ፈታ፣ ዘመናዊ የአእምሮ ሕክምናም ተጀመረ። ሥዕሉ ያምራል። የሆነው ግን እንደ ሥዕሉ አይደለም፤ በእኔ ሚዛን ደግሞ የሆነው ከሥዕሉ ይበልጣል።

ነገሩ የሚጀምረው ከፓሪስ በስተደቡብ ባለው በቢሴትር ነው። ቢሴትር ሆስፒታል ይባል እንጂ ጧሪ ያጣ ሽማግሌ፣ ለማኝ፣ ወንጀለኛና «እብድ» የተባለ ወንድ ሁሉ በአንድ አጥር የሚታጎርበት ግቢ ነበር። በ1771 አንድ ወጣት ቆዳ ፋቂ አንገቱ ላይ እብጠት በሚያወጣ የነቀርሳ በሽታ ተይዞ እዚያ ገባ። ስሙ ዣን ባቲስት ፑሳን ነው። (ፋቂነት በእኛም አገር ሲያስንቅ የኖረ ሙያ መሆኑን ልብ ይሏል።) ፑሳን ዳነ፤ ከዳነም በኋላ ወደ አገሩ አልተመለሰም። እዚያው ግቢ ሥራ አገኘና ከአንዱ ኃላፊነት ወደ ሌላው ሲሸጋገር ቆይቶ፣ በ1780ዎቹ አጋማሽ ማንም የማይመኘውን ቦታ ያዘ፤ የአእምሮ ሕሙማኑ ክፍል አለቃ ሆነ። ሚስቱ ማርገሪት ዡብሊንም አብራው ትሠራ ጀመር።

ፑሳን የሕክምና ትምህርት አልነበረውም። የነበረው ዓይንና ጊዜ ነው። ከሕሙማኑ ጋር ውሎ ያድራል፤ ማን ምን ሲሉት እንደሚቆጣ፣ ማን በስንት ቀኑ እንደሚረጋ ያውቃል። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጠባቂዎቹ ሕሙማኑን እንዳይመቱ መከልከል ነበር። ክልከላ ብቻውን እንደማይበቃ ስለገባው ቀስ በቀስ ጠባቂዎቹን ለወጣቸው፤ በምትካቸው ከዚያው ክፍል አገግመው የወጡ ሰዎችን ቀጠረ። ታስሮ የሚያውቅ ሰው የታሰረን ሰው ለመምታት እጁ እንደማይፈጥን ገብቶት ነበር።

ፒኔል ወደ ቢሴትር የተሾመው በ1793 ነው። እሱም ባዶ ልብ ይዞ አልመጣም። ከዓመታት በፊት አእምሮው የታወከ አንድ ወጣት ወዳጁ ከቤት ሮጦ ጫካ ገብቶ ሞቶበት ነበርና በዚህ በሽታ ላይ ያደረበት ሐሳብ ከዚያ የመነጨ ነው ይባላል። ሆኖም ቢሴትር ሲደርስ ከመጻሕፍቱ ይልቅ ያስተማረው ይህ የቀድሞ ፋቂ ነው። ደብተሩን ይዞ ፑሳንን ይከተላል፣ ያየውን ይጽፋል። በ1801 ያሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ በእነዚህ ባልና ሚስት ጥበቦች የተሞላ ነው።

ከእነሱ አንዱን ልንገራችሁ። ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ከተሰየፈ በኋላ ቢሴትር ውስጥ «ሉዊ 16ኛ እኔ ነኝ» የሚሉ ሦስት ሕሙማን ነበሩ። ሦስቱ ሲገናኙ ጠቡ አይጣል ነው። የአለቃው ሚስት አንደኛውን ገለል አድርጋ፣ አንተ እውነተኛው ንጉሥ እያለህ አእምሯቸው ከታወከ ሰዎች ጋር ለምን ትከራከራለህ ትለዋለች። ሰውየው በንቀት አይቷቸው ጥሏቸው ይሄዳል። ምግብ አልቀምስም ብሎ የሚሳደብ አንድ ሌላ ሕመምተኛ ሲያስቸግራት ደግሞ ፊቱ እየዘለለች ትጨፍርለታለች፤ ፈገግ ሲል ጊዜ ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ይበላል። ይህን የመሰለ ዘዴ የሚጻፍ መድኃኒት አይደለም።

ሁሉም ግን እንዲህ የሚጣፍጥ አይደለም። ፒኔል ራሱ የመዘገበው ሌላ ታሪክ አለ። በሃይማኖታዊ ፍርሃት ተይዞ እህል አልቀምስም ያለ ሰው ነበር። አንድ ምሽት ፑሳን ዓይኑን አፍጥጦ፣ ድምፁን እንደ ነጎድጓድ አድርጎ በሩ ላይ ቆመ፤ ከኋላው ረዳቶቹ ሰንሰለት ያንኳኳሉ። ሾርባውን አስቀምጦለት እስከ ንጋት ካልጠጣ ወዮለት ብሎ ሄደ። ሰውየው ሌሊቱን በሙሉ ሲታገል አድሮ ጠጣ፤ ሕይወቱም ተረፈ። ሰንሰለት የፈታው ሰው ሰንሰለት እያንኳኳ ያስፈራራ ነበር። ይህን ሳነብ ፑሳንን መውደዴ አልቀነሰም፤ ሐውልት ሊያሠሩለት የሚሹትን ሰዎች ግን ትንሽ ሳያሳስብ አይቀርም።

የእግር ብረቱ ከቢሴትር የወጣው በ1797 ነው። ያስወጣው ፑሳን ነው። ፒኔል በዚያን ጊዜ ወደ ሳልፔትሪየር ከተዛወረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በብረቱ ፈንታም ባዶ ነፃነት አልመጣም፤ እጅጌው ረጅም የሆነ፣ ከኋላ የሚታሰር የሸራ ልብስ መጣ። ሕመምተኛው ቢያንስ መራመድ ይችላል። ፒኔል ፑሳንን ለማስመጣት ሲወተውት ቆይቶ በ1802 ወደ ሳልፔትሪየር አስዛወረው፤ የሴቶቹ ሰንሰለት የተነሣውም ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ ሥዕሉ ከየት መጣ? ፒኔል ክብሩን አልሰረቀም፤ የፑሳንን ውለታ በመጽሐፉ ጽፏል። ታሪኩን ያስጌጠው ልጁ ሲፒዮን ነው። አባቱ ከሞተ ከዓመታት በኋላ፣ አስፈሪው አብዮተኛ ኩቶን ቢሴትርን ሲጎበኝ ፒኔል በፊቱ ቆሞ ሕሙማኑን አንድ በአንድ እንደፈታ አድርጎ አቀረበው። ትያትር የሚመስል ትረካ ስለነበር ሠዓሊዎቹ ወደዱት፤ ሐኪሞችም የሙያቸው አባት ሐኪም ቢሆን አልጠሉም። ፑሳን ለፒኔል የጻፈለት ማስታወሻ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ የታተመው በ1979 ነው፤ ዶራ ዋይነር የተባለች የታሪክ ተመራማሪ አገኘችው።

የሐኪም ዲግሪ ብቻውን ሰንሰለት እንደማይፈታ ለንደን ምስክር ናት። ቤትለም የተባለው ሆስፒታል ስመ ጥር ሐኪሞች ነበሩት። እስከ 1770 ድረስ የከተማው ሰው ሳንቲም እየሰጠ ሕሙማኑን እንደ ትርኢት እየዞረ ያይ ነበር። በ1814 ኤድዋርድ ዌክፊልድ የሚባል በጎ አድራጊ ከጓደኞቹ ጋር ሲገባ ጄምስ ኖሪስ የተባለ አሜሪካዊ የባሕር ኃይል ሰው አገኙ። አንገቱ ላይ የብረት ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ በአጭር ሰንሰለት ከግድግዳው ጋር ከተተከለ ቋሚ ብረት ጋር ተያይዟል። ወገቡን ሌላ ብረት ይዞታል፤ ክንዶቹም በዚያው ተጠፍረዋል። መቆምና በጀርባው መተኛት ይችላል፣ ወደ ጎን ግን መገላበጥ አይችልም። እንዲህ ሆኖ ወደ 10 ዓመት ኖሯል። ጎብኚዎቹ ሲያነጋግሩት በሰከነ አእምሮ ይመልስ ነበር፤ ጋዜጣና መጽሐፍም ያነብ ነበር። ከብረቱ ተፈትቶ ብዙም ሳይቆይ በ1815 ሞተ። የፓርላማው መርማሪ ኮሚቴ የተቀመጠው በዚያው ዓመት ነው። ነገሩን ወደ አደባባይ ያወጣው ከውጭ ወደ ቤትለም የገባ ሰው እንጂ የቤቱ ሐኪም አይደለም።

ይህ ሁሉ የአውሮፓ አሮጌ ታሪክ ነው ብሎ ለማለፍ የእኛ ቤት አይፈቅድም። ጠበል ቦታ የሄደ ሰው እግሩ ታስሮ የመጣ ሕመምተኛ አላየሁም አይልም። የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ስም እስከ ዛሬ መሳለቂያ ነው፤ «አማኑኤል ውሰዱት» እንባባላለን፣ እንስቃለንም። በ2001 በታተመ አንድ ጥናት ቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት 178 የሕሙማን ዘመዶች ሦስት አራተኛዎቹ በሕመሙ ምክንያት ከሰው መገለል ደርሶብናል ብለዋል። የታመመው አንድ ሰው፣ የሚፈረድበት ግን ቤተ ዘመዱ ሁሉ ነው፤ እህቱን የሚያገባ እስኪጠፋ ድረስ።

ሶዶ ወረዳ ውስጥ የተሠራና በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት የማሰሩን ምክንያት ቤተሰቦቹን ጠይቋል። ከጭካኔ ይልቅ ጭንቀት ይበዛበታል። ጠፍቶ እንዳይቀር፣ ሰው እንዳይመታ፣ ሰውም እንዳይመታው፤ አንዳንዴም ጠበል ወይም ጤና ጣቢያ ለማድረስ ሌላ መላ ጠፍቶ ያስሩታል። መድኃኒት መግዣ የለም፤ ቤቱን ትቶ የሚጠብቅ ሰውም የለም። ልጁን አስሮ እርሻ የሚውል አባት ከኖሪስ አሳሪዎች ጋር አንድ ላይ ሊፈረድበት አይገባም፤ ብረቱ ግን እግር ላይ ያው ብረት ነው፤ ቁስሉም ያው ቁስል።

በዚያው በሶዶና በአካባቢው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የለንደን ተመራማሪዎች አንድ ነገር ሞከሩ። ሐኪም ያልሆኑ የአካባቢውን ነዋሪዎች ለጥቂት ሳምንታት አሠልጥነው፣ ብርቱ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ እንዲጎበኙ አደረጉ። ጎብኚው ከሕመምተኛው ጋር ይቀመጣል፣ መድኃኒቱን ይከታተላል፣ ወደ ሥራና ወደ ሰው እንዲመለስ ያግዘዋል፣ ቤተሰቡንም ያማክራል። የ166 ሕሙማን ውጤት በ2022 ታተመ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጤና ጣቢያ ብቻ ከሚመላለሱት ይልቅ ጎብኚ የነበራቸው የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ መምራት ችለው ተገኙ።