የተመረዘ መሬት ጎረቤቶችና የጽዳት ሥራ ትምህርት በአሜሪካ

ፋብሪካ ሲተከል የሚጻፍለት ታሪክ ብዙ ነው፤ ሲዘጋ ግን የሚጻፍለት ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ፋብሪካው ተዘግቶ ባለቤቱ ከሄደ በኋላ መሬቱና የመሬቱ ጎረቤቶች እዚያው ይቀራሉ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር የምንፈልገው፣ በአሜሪካ በፋብሪካ ዝቃጭ በተበላሸ መሬት አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ያንኑ መሬት የማጽዳት ሙያ ተምረው በደመወዝ እንዲሠሩ የተደረገው እንዴት እንደ ሆነና፣ ትምህርቱም በምን ሁኔታ እንደሚጠቅማቸው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሕዝቡን ሁሉ ያነቃው ነገር የተፈጸመው በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ናያጋራ ፎልስ በምትባለው ከተማ ነው። ሁከር የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ከ1942 እስከ 1953 ድረስ፣ ላቭ ካናል በሚባል ተጀምሮ በተተወ ቦይ ውስጥ 21,000 ቶን ያህል የኬሚካል ዝቃጭ ቀበረ። በ1953 መሬቱን ለከተማው የትምህርት ቦርድ በ1 ዶላር አስተላለፈው። በስፍራው ትምህርት ቤት፣ በዙሪያውም መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። ከጊዜ በኋላ የተቀበረው መርዝ ወደ ግቢዎችና ወደ ምድር ቤቶች ሰርጎ ወጣ። በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጁ፤ ብዙ ቤተሰቦችም ቤታቸውን ለቀው ሄዱ።

ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1980፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ሱፐርፈንድ በሚል ስም የታወቀውን ሕግ አወጣ። ሕጉ ለ5 ዓመት የሚሆን 1.6 ቢሊዮን ዶላር የመደበ ሲሆን፣ አብዛኛው ገንዘብ የሚሰበሰበው በነዳጅ ዘይትና በኬሚካል ኢንዱስትሪ ላይ ከተጣለ ቀረጥ ነበር። የሕጉ ዋና ሐሳብ፣ ማን ይክፈል፣ የትኛውስ ቦታ ይቅደም የሚለው ነበር። አካፋውን ስለሚይዘው ሰው የተናገረው ጥቂት ነው።

ይህ ጉድለት በ1986 በወጣው የማሻሻያ ሕግ ተሞላ። በዚህ ሕግ ትእዛዝ ተዘጋጅቶ ከ1990 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ፣ መርዛማ ዝቃጭ ባለበት ቦታ የሚያጸዳ ሠራተኛ በመደበኛው አኳኋን አስቀድሞ የ40 ሰዓት ትምህርት እንዲቀበልና፣ ከዚያም ቢያንስ 3 ቀን ልምድ ባለው አለቃ ሥር እንዲሠራ ያስገድዳል። ትምህርቱ ቃል ብቻ አይደለም። ተማሪው የመተንፈሻ ጭንብልና መከላከያ ልብስ መልበስን፣ በተለይም ሳይመረዙ ማውለቅን ይለማመዳል። የሥራው ቦታ በሦስት እንደሚከፈል ይማራል፤ ይኸውም መርዙ ያለበት ክፍል፣ ሰውና መሣሪያ የሚታጠብበት ክፍልና ንጹሑ ክፍል ነው። ከፊተኛው ክፍል ወጥቶ ሳይታጠብ ወደ ኋለኛው ማለፍ ክልክል ነው። ይህም ሥርዓት ሠራተኛውን ብቻ ሳይሆን ማታ የሚገባባቸውን ልጆቹንም ይጠብቃል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሕግ መሬቱን፣ ሁለተኛው ሠራተኛውን ተመለከተ። ጎረቤቱ ግን ገና አልታሰበም ነበር። ጎረቤቱን ያሳሰበው ሕዝባዊ ተቃውሞ ነው። በ1982 የሰሜን ካሮላይና መንግሥት ፒሲቢ በተባለ መርዝ የተበከለ አፈር ጥቁሮች በሚበዙበት በዋረን አውራጃ እንዲቀበር ባዘዘ ጊዜ፣ ሰዎች በመኪናዎቹ ፊት መንገድ ላይ ተኙ፤ ከ500 የሚበልጡም ታሰሩ። አፈሩ ከመቀበር አልዳነም፤ ጥያቄው ግን አገር አቀፍ ሆነ። በ1987 አንድ የቤተ ክርስቲያን ኮሚሽን ባሳተመው ጥናት፣ ከአምስት ጥቁሮችና ሂስፓኒኮች ሦስቱ ቁጥጥር የሌለው መርዛማ ዝቃጭ ባለበት ቀበሌ እንደሚኖሩ ገለጠ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እንዲሉ፣ ፋብሪካው ሲሠራ ጭሱን፣ ሲዘጋ ሥራ አጥነቱን የተቀበለው ያው አንድ ሰው ነበር። አሁን ደግሞ መሬቱ ሲጸዳ ደመወዙን የሚወስደው ከሩቅ ከተማ የመጣ ሠራተኛ ሆነ።

ለዚህ መልስ ይሆናል የተባለው እርምጃ በ1990ዎቹ ተወሰደ። በ1995 የአካባቢ ጤና ሳይንስ ብሔራዊ ተቋም በከተማ የሚኖሩ የአናሳ ዘር ወጣቶችን ለዚህ ሥራ ማሠልጠን ጀመረ። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም፣ ብራውንፊልድ ለሚባሉት ቦታዎች፣ ማለት ብክለት ይኖርባቸዋል ተብሎ ስለሚፈራ ገዢ ላጡ የተተዉ የፋብሪካ መሬቶች፣ በ1993 የክሊቭላንድ ከተማ ባለችበት በካያሆጋ አውራጃ የመጀመሪያውን ሙከራ አደረገ፤ በ1998 ደግሞ የነዋሪዎችን የሥራ ትምህርት በገንዘብ መርዳት ጀመረ። በ2002 የወጣው ሕግ ለዚህ ሥራ የጸና መሠረት ሰጠው። ከ40ው ሰዓት ትምህርት ሌላ፣ አስቤስቶስና የእርሳስ ቀለም ማስወገድ፣ የአፈርና የውሃ ናሙና መውሰድ፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ማውጣት እንደ አገሩ ፍላጎት ይጨመራሉ። እስከ 2024 ድረስ ትምህርቱን የፈጸሙት ከ20,000 በላይ፣ ሥራ ያገኙትም ከ15,000 በላይ ናቸው።

በዚህ ላይ ሊናቅ የማይገባ ተቃውሞ አለ። «ትናንት መርዙን ያለ ፈቃዱ የተነፈሰውን ሰው፣ ዛሬ በደመወዝ ወደ መርዙ መመለስ ፍትሕ ነውን?» የሚል ነው። እኛ እንደሚመስለን፣ ጎረቤቱ ከመርዙ ጋራ የሚኖረው ቢማርም ባይማርም ነው። ልዩነቱ ትምህርቱ የማወቅን ሥልጣን ስለሚሰጠው ነው። ናሙና መውሰድ የተማረ ሰው፣ መሬታችሁ ንጹሕ ነው ሲባል እንዴት ተለካ ብሎ ለመጠየቅ ይችላል። ይህ ሥልጣን ግን ደኅንነቱን የሚያስጠብቀው ደንቡ በእውነት ሲፈጸም ብቻ ነው፤ ደንቡ ከላላ ተቃውሞው ትክክል ይሆናል።

ከዚህ የሚከብደው ሁለተኛው ችግር ነው። የምስክር ወረቀት በራሱ ሥራ አይፈጥርም። የጽዳቱን ሥራ የሚሰጠው ተቋራጩ ነው፤ ተቋራጩም የራሱን ሰዎች ይዞ ለመምጣት ቢመርጥ የሚያግደው ነገር ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ነው በሱፐርፈንድ ሥር የተቋቋመው ሌላው የሥራ ትምህርት የተለየ መንገድ የተከተለው፤ በእርሱ ዘንድ ትምህርቱ የሚሰጠው በአንድ በታወቀ ቦታ ከሚሠራው ተቋራጭ ጋራ በመተባበር፣ ለዚያው ቦታ ሥራ ነው። ከሁለቱ ይህኛው ከነዋሪው ጉዳይ ጋራ ይበልጥ የተያያዘ ሆኖ እናገኘዋለን፤ የሚያንሰው ግን ቦታው ሲጸዳ ሥራውም ስለሚያልቅ ነው። ሙያው ሰፋ ያለ ካልሆነ፣ ሰውየው በጸዳው መሬት ላይ እንደገና ሥራ ፈላጊ ይሆናል።

የፖለቲካ ዋስትናውም ቢሆን የጸና አይደለም። በ1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በድሆችና በአናሳ ዘሮች ላይ የሚወድቀውን የብክለት ጉዳት እንዲመለከቱ ያዘዙት ትእዛዝ፣ ከ31 ዓመት በኋላ በጥር 2025 በፕሬዚዳንት ትራምፕ ተሽሯል። በትእዛዝ የመጣ ነገር በትእዛዝ ይሄዳል።

ስለዚህ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። የጽዳት ሥራ ትምህርት ለተበደለው ጎረቤት ካሣ ሊሆን የሚችለው ሦስት ነገሮች አብረው ሲገኙ ነው፤ እነርሱም ሠራተኛውን የሚጠብቅ ደንብ፣ ነዋሪውን እንዲቀጥር ተቋራጩን የሚያስገድድ ውል፣ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው የሚያሻግር ሙያ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ፣ ትምህርቱ ለመንግሥት የሪፖርት ማሳመሪያ፣ ለነዋሪው ደግሞ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ሆኖ ይቀራል።