ስለ ኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት፤ የጥናቱ አጭር ታሪክ

ብረት ዝናም ሲመታው ለመዛግ ብዙ ቀን ይፈጅበታል፤ ባሩድ ግን እሳት የነካው እንደ ሆነ በቅጽበት ነድዶ ያልቃል። ሁለቱም ኬሚካዊ ለውጦች ናቸው። አንዱ ዘገምተኛ፥ ሌላው ፈጣን መሆኑን ሰው ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ በብርድ ወራት ሊጥ ቶሎ እንደማይቦካም ባለሙያ ሴት ሁሉ ታውቃለች። ነገር ግን ማወቅ ሌላ፥ መለካት ሌላ ነው። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን የመረመሩት «ከምን ምን ይገኛል?» የሚለውን ጥያቄ ሲሆን፥ «በምን ያህል ጊዜ?» ብለው ሰዓት ይዘው የጠየቁት ዘግይተው ነው። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ እንዴት እንደ ተመለሰና መልሱ ለሰው ልጅ ምን እንዳመጣለት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የዚህ ጥናት መነሻ ሆኖ የሚቈጠረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቪልሄልሚ በ1850 ያወጣው ሥራ ነው። ቪልሄልሚ የሸንኰራ ስኳር በውሀ አሟሙቶ አሲድ ጨመረበት፤ በዚህ ጊዜ ስኳሩ ቀስ በቀስ ወደ ሁለት ሌሎች የስኳር ዐይነቶች ይለወጣል። ፖላሪሜትር የተባለው መሣሪያ የስኳር ውሀ የብርሃንን የንዝረት አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚያዞር ስለሚያሳይ፥ ፈሳሹን ሳይነካ የቀረውን ስኳር በየጊዜው ለመለካት ቻለ። ያገኘው ሕግ ቀላል ነው፤ በያንዳንዱ ቅጽበት የሚለወጠው ስኳር ገና ሳይለወጥ በቀረው ስኳር መጠን ልክ ነው። የቀረው ሲያንስ ፍጥነቱም ያንሳል። ይሁን እንጂ ይህ ሥራ ለብዙ ዓመታት አስተዋይ አላገኘም፤ ኋላ ቪልሄልም ኦስትቫልት ከተረሳበት አንሥቶ አስታወቀው።

በ1864 ደግሞ ካቶ ጉልድበርግና ፔተር ቮጌ የተባሉ ሁለት የኖርዌይ ሊቃውንት ይህን ሐሳብ አስፍተው፥ የለውጥ ኀይል በተቀላቀሉት ነገሮች የክምችት መጠን የሚወሰን መሆኑን ገለጡ። በኖርዌይኛ ስለ ጻፉት ግን ከአገራቸው ውጭ ያነበበው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በ1867 በፈረንሳይኛ፥ በ1879 በጀርመንኛ እንደገና አሳተሙት። አንድ ነገር እውነት መሆኑ ብቻውን እንደማይበቃ፥ አንባቢም እንደሚያስፈልገው ከነዚህ ሁለት ታሪኮች እንማራለን።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። ያኮቡስ ቫንት ሆፍ በ1884 በአምስተርዳም ባሳተመው መጽሐፍ የፍጥነትንና የሙቀትን ግንኙነት በሒሳብ አስቀመጠ። ብዙዎቹ ለውጦች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ከፍ ሲል ፍጥነታቸው ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይሆናል። ይህ የሚያስደንቅ ነው፤ ምክንያቱም በቤት ውስጥ ሙቀት 10 ዲግሪ መጨመር የሞለኪዩሎችን አማካይ የእንቅስቃሴ ኀይል ከፍ የሚያደርገው ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነው። መፍትሔውን በ1889 የሰጠው የስዊድኑ ስቫንቴ አሬኒዩስ ነው። እንደ እርሱ አስተያየት የሚለወጡት ሞለኪዩሎች ሁሉም ሳይሆኑ፥ ከተወሰነ ልክ በላይ ኀይል ያላቸው ጥቂቶቹ ናቸው፤ ትንሽ ሙቀት ሲጨመር የነዚህ ጥቂቶች ቍጥር እጅግ ይበዛል። በአዲስ አበባ ውሀ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፥ ባቄላ በቈላ ከሚበስለው ዘግይቶ የሚበስልበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ሦስተኛው ካታሊስት ነው። ጀርመናዊው ዮሐን ዶበራይነር በ1823 ሃይድሮጅንን በልሙ ፕላቲን ላይ ቢነፋው ያለ ክብሪት ሲቀጣጠል አየ፤ ፕላቲኑ ግን አላለቀም። ፕላቲኑ በደቀቀ መጠን ገጹ ስለሚሰፋ ሥራውም ይበረታል። የስዊድኑ በርሴሊዩስ በ1835 ለዚህ ዐይነቱ ሥራ «ካታሊሲስ» የሚለውን ስም አወጣለት። ትርጕሙን አጥርቶ ያስቀመጠው ግን ኦስትቫልት ነው፤ ካታሊስት የማይሆነውን ነገር እንዲሆን አያደርግም፥ ሊሆን የሚችለውን ያፋጥነዋል እንጂ።

እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ የተፈተኑት በአሞኒያ ነው። አየር ከመቶ 78 እጅ ናይትሮጅን ነው፤ ነገር ግን ከሃይድሮጅን ጋራ ለመዋሐድ እጅግ ዘገምተኛ ነው። እንዲፈጥን ቢያሞቁት፥ የተገኘው አሞኒያ ተመልሶ ይፈርሳል። ፍሪትስ ሃበር በ1909 በካርልስሩኸ ከተማ ወደ 200 እጥፍ የሚጠጋ የአየር ግፊትና ኦስሚየም የተባለውን ብርቅ ብረት ካታሊስት አድርጎ መንገዱን ከፈተ። አልቪን ሚታሽ ከረዳቶቹ ጋራ በሺሕ የሚቈጠሩ ቅልቅሎችን ከፈተነ በኋላ በርካሽ የሚገኘውን ብረት ከጥቂት ሌሎች ነገሮች ጋራ ቀላቅሎ ተካው፤ በካርል ቦሽ መሪነትም የኦፓው ፋብሪካ በ1913 ሥራ ጀመረ።

በሚከተለው ዓመት ጦርነት ተነሣ። የጀርመን መርከቦች ከቺሊ ናይትሬት እንዳያመጡ የእንግሊዝ ባሕር ኀይል መንገዱን ቢዘጋባቸው፥ አሞኒያው በኦስትቫልት ዘዴ እየተቃጠለ ናይትሪክ አሲድ፥ ከዚያም ፈንጂ ሆነ። ይኸው አሞኒያ ዛሬ ብዙውን የዓለም ሕዝብ ይመግባል፤ ገበሬያችን ዩሪያ ብሎ የሚጠራው ማዳበሪያም ከርሱ የሚሠራ ነው።

እንግዲህ ክምችት፥ ግፊት፥ ሙቀት፥ የገጽ ስፋትና ካታሊስት በፈተና ቀን በቃል የሚደረደሩ ስሞች ብቻ አይደሉም። እያንዳንዱ በትዕግሥት የተለካ፥ አንዳንዱም ለዓመታት ሰሚ ያጣ የሰው ሥራ ነው። ካታሊስት ለእንጀራ የሚሆነውንና ለጥይት የሚሆነውን አይለይም፤ ሁለቱንም እኩል ያፋጥናል። መለየት ያለበት ዕውቀቱን የያዘው ሰው ስለ ሆነ፥ የሳይንስ ተማሪ «እንዴት ይፈጥናል?» ብሎ ሲጠይቅ «ለምን ይፍጠን?» የሚለውንም አብሮ ሊጠይቅ ይገባዋል እንላለን።